መዶሻ የሚያርፍበት ሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ከሰል ማንደጃ ግዢ ብላ ምን አለሽ ተራ ላከችኝ። ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ወደዚያ ብዙም አልሄድም፤ ታክሲው ሲኒማ ራስ ሲያወርደኝ ግን እግሬ መንገዱን ከእኔ በላይ ያውቀው ነበር። ተራው መግቢያ ላይ አንድ ሰውዬ አሮጌ በርሜል እሳት ላይ አጋድሞ ቀለሙን እያቃጠለ ያስለቅቃል። የሚነድ ቀለም፣ ዝገት፣ የሳልዳቱራ አሲድ፣ በዝናብ የራሰ ካርቶን። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ቆሜ ሳብኩት።

"እህት፣ ትገዣለሽ ወይስ ታሸቻለሽ?" አለኝ ማንደጃ ሻጩ።

ገዛሁ። ማንደጃውን ታቅፌ ስመለስ ግን ከሽታው ጋር አብሮኝ የመጣ አንድ ክረምት ነበር። ሦስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት።

ያኔ እማዬ እዚያው ተራው ውስጥ፣ በላስቲክ ከለላ ሥር፣ ለቆርቆሮ ሠሪዎቹ ሻይና ፓስቲ ትሸጥ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤት ብቻዬን ስለማትተወኝ አብሬያት እውላለሁ። ምን አለሽ ተራ የዋለ ሰው ጆሮው ሌላ ጆሮ ይሆናል። በግራም በቀኝም መዶሻ ነው። የዘይት ጣሳ ተቀዶ ላሜራ ይሆናል፣ ላሜራው ተቀጥቅጦ ማንደጃ፣ ቆሻሻ ማፈሻ፣ ማንቆርቆሪያ ይሆናል። ሰው የሚያወራው በጩኸት ነው። እማዬ ማታ ቤት ገብተን "ጨው አቀብዪኝ" ስትለኝ እንኳ ግቢው ሁሉ ይሰማት ነበር።

ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ጋሽ ሸምሱ መዶሻቸውን አግዳሚው ላይ ያጋድማሉ። የእሳቸውን አይቶ ጎረቤታቸው ያጋድማል፣ የጎረቤታቸውን አይቶ ቀጣዩ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ጸጥታው ከእሳቸው ሱቅ ተነስቶ እስከ ተራው ጫፍ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ አንድ ያልሰማ ሰው ኳ ኳ ሲያደርግ ይቀርና እሱም ደንግጦ ያቆማል። ዓለም ላይ ከዚያ ጸጥታ የሚጥም ነገር አላውቅም ነበር። የዝናቡ ጠብታ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ይሰማል። የሻይ ማንኪያ ይሰማል። ርግብ ይሰማል።

ምክንያቱ ሬዲዮ ነው። የመንግሥት ሬዲዮ በየቀኑ ከሰዓት በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ያስተላልፋል። ቋንቋዎቹ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ቦኖ ላይ እንደተሰለፉ ውሃ ቀጂዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ጄሪካኑን ይዞ ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስ ይቀዳል፣ ሞልቶለት ይወጣል፣ ከኋላው ያለው ይገባል። ሸክም የሚሠሩት የከምባታ ልጆች በእነሱ ሰዓት ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብለው ይሰማሉ። ዘጠኝ ሰዓት የስልጥኛ ነው። ቆርቆሮ ሠሪዎቹ አብዛኞቹ ስልጤዎች ስለሆኑ መዶሻ የሚያርፈው ያኔ ነው። ዜና ይነበባል፣ የገበያ ወሬ ይነገራል፣ ስለ እንሰት በሽታ ምክር ይሰጣል፣ በመጨረሻ ማስታወቂያ ይመጣል፦ የጠፋ በሬ፣ ሠርግ፣ ለራቀ ዘመድ የተላከ ሰላምታ፣ ሞት።

ጋሽ ሸምሱ ከተራው ሁሉ አንጋፋው ነበሩ። ጥርሳቸው ጥቂት፣ ጉልበታቸው ያመመ፣ እጃቸው ግን ላሜራን እንደ ወረቀት የሚያጥፍ። ሬዲዮኗ የእሳቸው ናት። አንቴናዋ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በምትኩ አንድ ሽቦ ተቀጥሎላታል፣ ያንን ሽቦ የሚይዘው ደግሞ ሰው መሆን አለበት። እኔ ስይዘው ድምፁ ይጠራል፣ ስለቀው ይንሿሿል። ሌሎችም ሞክረው ነበር። አንዱ ቆርቆሮ ሠሪ፣ አብደላ፣ ሲይዘው ጭራሽ ጠፋና "ያንተ ደም ኤፍ ኤም ብቻ ነው የሚስበው" ተብሎ ተሳቀበት። የእኔ ተስማማ። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን "ማሂዬ፣ ሽቦሽን" ይሉኛል፤ እኔም የምሠራውን ጥዬ እሮጣለሁ። አገር ምድሩ በእኔ እጅ ውስጥ አልፎ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ኩራቴ አይጣል ነው።

የምትናገረዋ ሴት ነበረች። ድምጿ ወፍራምና የተረጋጋ፣ ገና ስትጀምር ሰላምታ ታበዛለች። ጋሽ ሸምሱ እያንዳንዱን ሰላምታ ይመልሱላታል። ዜና ስትቸኩል "ቀስ በይ እንጂ" ብለው ይቆጧታል፤ ጥሩ ነገር ስትናገር ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ። እኛ ስልጥኛ አንችልም፤ እማዬ የቡልጋ ልጅ ናት። ስለዚህ ሁሉን ነገር ከፊታቸው ነው የማነበው። አንድ ቀን እማዬን ጋሽ ሸምሱ ለምን እንዲህ ሬዲዮ እንደሚወዱ ብጠይቃት፣ እህታቸውን በሬዲዮ ነው የሚጠብቋት አለችኝ።

በቃ፣ ገባኝ። ሴትየዋ እህታቸው ናት። ስሟንም አውቀዋለሁ፣ እታለም ዘይነባ። ታላቃቸው ናት፤ እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች አዝላ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ከወራቤ አልፎ ባለ ገጠር ትኖራለች። ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ አይሆንላትም፣ ስለዚህ ሰላምታዋን ልጇ እየጻፈች በሬዲዮ ታስነብብላታለች፤ ባለፈው ኢድም የተነበበው እንደዚያ ነው። ይህ ሁሉ እማዬ በሚገባ የነገረችኝ ነገር ነው። እኔ ግን የፈለግሁትን ብቻ ወሰድኩ፦ እታለም ዘይነባ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች፣ ወንድሟን ሰላም ትላለች፣ እንድትሰማም እኔ ሽቦ እይዛለሁ። የሚገርመኝ ነገር ቢኖር ታናሽ ወንድሟ አርጅተው ሳለ የእሷ ድምፅ አለማርጀቱ ነበር። ገጠር አየሩ ጥሩ ስለሆነ ነው ብዬ ተውኩት።

ለአረፋ ሊሄዱላት ነበር። ተራው ሁሉ ለአረፋ ባዶ ይሆናል፤ ስልጤ የተባለ ሁሉ አገር ቤት ይገባል። ጋሽ ሸምሱ ጉልበታቸው ስላስቸገራቸው ካለፈው አረፋ ቀርተው ነበር፤ የዘንድሮውን ግን ተሸክማችሁኝም ቢሆን ብለዋል። ለእሷ ከሶላት በፊት የምትታጠብበት የውዱእ ማንቆርቆሪያ እየሠሩ ነበር። ጣቶቿ ስለተቆራመዱ እጀታውን ሰፊ፣ አፉን ዝቅ ያለ አድርገውታል፤ ሳታነሳው ጎንበስ ስታደርገው ብቻ እንዲፈስላት። ሠርተው ያፈርሱታል፣ እንደገና ይሠሩታል። አንድ ቀን እማዬን ጠርተው ዓይንሽን ጨፍነሽ ቅጂበት አሏት። ቀዳችበት፤ ግማሹ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። "ገና ነው" አሉና አፈረሱት።

አብደላን ልንገራችሁ። ከተራው ሁሉ ወጣት፣ ፀጉሩን በየሳምንቱ የሚቆረጥ፣ ጆሮው ላይ ኤርፎን የማይጠፋ። አንድ ቀን የታዘዘ ማንደጃ ኖሮት ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ሁሉም አቆመ፣ እሱ ቀጠለ። ጋሽ ሸምሱ ሰዓት መሆኑን ነገሩት።

"ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ሰው ለአንድ ሬዲዮ ሥራ ይፈታል እንዴ?" አለ። "ስልክ ላይ ይመጣል እኮ። ኤርፎን ልግዛልዎት።"

"ኤርፎን ለአንድ ሰው ነው።"

"የሚሰማውም አንድ እርስዎ ነዎት። ሌላው አፉን ከፍቶ ሻይ ነው የሚጠጣው።"

ተራው ሳቀ። ጋሽ ሸምሱ አልሳቁም። "ጩኸትህን ቀኑን ሙሉ ስታገስልህ እውላለሁ" አሉት፤ "አንተ ግማሽ ሰዓት ዝምታ አቃተህ?"

አብደላ መዶሻውን ወርውሮ ወጣ። ማስታወቂያው እስኪያልቅ አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብደላ የእኔ ጠላት ነው። ሻይ ሲያዝ ከፔርሙሱ ቂጥ ያለውን፣ ቅጠሉ የበዛበትን እየመረጥኩ እቀዳለት ነበር። እሱ ልብም አላለኝ።

አረፋ ሲቃረብ ነው ነገሩ የሆነው። ያኔ ያላወቅኩትን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ያን ቀን ረፋዱ ላይ የእድሩ ሊቀመንበር ለሆኑት ለሀጂ ከማል ስልክ ተደወለ። የደወለችው ሰሚራ ናት፣ የእታለም ዘይነባ ልጅ። እናቷ አርፋ ተቀብራለች። ሰሚራ በየአገሩ የተበተነው ዘመድ እንዲሰማ ብላ ለሬዲዮ ማስታወቂያ ሰጥታለች፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይነበባል፤ ከሰጠች በኋላ ነው አጎቷ በየቀኑ እንደሚሰማ ትዝ ያላት። እያለቀሰች ሀጂ ከማልን ለመነቻቸው።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰው የሚረዳው በጠዋት ነው፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ወዳጆቹ ከበውት፣ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ። የዚያ ቀን ጠዋት ደግሞ አልፏል፤ ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸውን ከፍተው ላሜራ እየቆረጡ ነው። ስለዚህ በነጋታው ጎህ ሲቀድ እስኪረዱ ድረስ ዘጠኝ ሰዓትን እንደምንም ማሳለፍ ነበረባቸው። ሀጂ ከማል በየሱቁ እየገቡ በጆሮ ተነጋገሩ።

እኔ አልነበርኩም። እማዬ ስኳር ግዢ ብላ ሶማሌ ተራ ልካኝ፣ ዝናብ ይዞኝ በረንዳ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ስመለስ ዘጠኝ ሊሆን ነው። እማዬ አየችኝና ልትጠራኝ አፏን ከፈተች፤ ጋሽ ሸምሱ ግን ቀደሟት።

"ማሂዬ፣ ከጥጉ ሱቅ ባትሪ ድንጋይ አምጪልኝ። አብደላ ከሬዲዮኗ አውጥቶ ወሰደው። ለባትሪዬ ነው ይለኛል፣ በጠራራ ቀን።"

ይባስ ብሎ ሌባም ሆነ፣ አልኩ በሆዴ። ሮጬ አመጣሁ። ጋሽ ሸምሱ ከተቱት፣ ሬዲዮኗን አስተካከሉ፣ መዶሻቸውን አጋደሙ።

ማንም አላጋደመም።

እንዲያውም ባሰበት። ጎረቤታቸው አንገቱን ደፍቶ ይቀጠቅጣል፣ ቀጣዩም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም። ሥራ የሌላቸው ሰዎች ሁሉ የሆነ ነገር አግኝተው ይመታሉ። ጠርሙስ ሻጩ የድስት ክዳን በድንጋይ ይጠልዛል። ዞር ስል እማዬ፣ የገዛ እናቴ፣ በማንኪያ ባዶ ማንቆርቆሪያ ትደበድባለች። ፊቷ ርሶ ነበር። የሻይ እንፋሎት ነው ብዬ አሰብኩ።

አብደላ አሸነፈ ማለት ነው። ሁሉንም አሳምኗቸዋል፣ እማዬን ጨምሮ። 

ጋሽ ሸምሱ ግን አልተናደዱም። ቀስ ብለው ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ተመለከቱ። አብደላ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። አብደላ አንድ ላሜራ ይቀጠቅጣል፣ ቀድሞ ተቀጥቅጦ የተስተካከለ፣ እንደ መስታወት የተዘረጋ ላሜራ። ምንም የሚቃና ነገር አልነበረውም። እየደጋገመ ይመታዋል፤ ቀና አይልም። ጋሽ ሸምሱ እሱን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ወረደ። ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ሬዲዮኗን ብብታቸው ሥር አደረጉ፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው "ሽቦሽን ይዘሽ ነይ" አሉኝ።

ሁሉም ዓይናቸውን ከእሳቸው ለማሸሽ መሬት መሬት ያዩ ስለነበር ስንወጣ ያየን የለም።

ከተራው ጀርባ የድሮ ካርቶን የሚሰበሰብበት መጋዘን አለ። እስከ ጣሪያው ድረስ በገመድ የታሰረ ካርቶን ተደርድሯል፣ መሀሉ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ገብተን ጥቂት እንደሄድን የመዶሻው ድምፅ ጠፋ፤ ሌላ ከተማ ያለ መሰለ። ጋሽ ሸምሱ አንድ እስር ላይ ተቀመጡ፣ ሬዲዮኗን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ እኔ ሽቦዬን ያዝኩ።

ሴትየዋ መጣች። ሰላምታዋን ደረደረች። ጋሽ ሸምሱ አልመለሱም።

"ሰላም አለችዎት እኮ" አልኳቸው።

"ሰማሁ ማሂዬ።"

ዜናው አለፈ፣ ምክሩ አለፈ። ቸኩላ ስታነብ አልተቆጧትም። እኔ እግሬ ሥር ያለውን ካርቶን እየላጥኩ እጠብቃለሁ። ማስታወቂያ ላይ ድምጿ ዝግ ይላል፤ ያን ጊዜም ዝግ አለ። ረዘም ያለ ነገር አነበበች፣ በመሀሉ "ዘይነባ" አለች።

"ስሟን ተናገረች" አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

ጋሽ ሸምሱ አዩኝ። "አዎ" አሉ። "ስሟን ተናገረች።"

ወዲያው ዘፈን ገባ፣ ጭብጨባ ያለበት የሠርግ ዘፈን። ጭንቅላቴን ማወዛወዝ ጀመርኩ። ጋሽ ሸምሱ ዘፈኑን ጥቂት ሰሙትና ዝጊያት አሉኝ። ዘጋኋት። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ መዳፋቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ተቀመጡ። የራሳቸውን ሙቀት የሚለኩ ይመስሉ ነበር። እንባ የለም። አመመዎት እንዴ ብዬ ልጠይቅ ስል ራሳቸው ተናገሩ።

"እዚህ መጥተን እንደሰማን ለማንም አንንገር። ነገ ሰዎች ይመጣሉ። እነሱ ይቅደሙ።"

"ተራ ነው?"

"ተራ ነው" አሉ።

ተራ ይገባኛል። ቦኖ ላይ ከሰው ፊት መግባት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እሺ አልኳቸው።

ስንመለስ መዶሻው አንድ አንድ እያለ ሲያቆም ደረስን። ጋሽ ሸምሱ በአብደላ ሱቅ በኩል አለፉ። አብደላ ላብ ብቻ ሆኗል።

"ዛሬ ሥራ በዝቶብን ነው ጋሼ" አለ። ድምፁ ተሰበረ።

"አየሁ" አሉት። እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳርፈው አነሱ። "በርታ።"

ከዚያ ሱቃቸው ገብተው ተቀመጡ፣ ያንን ማንቆርቆሪያ አነሱ፣ ሳልዳቱራቸውን አግለው አፉን መበየድ ቀጠሉ።  ቢያስቀምጡት ኖሮ ተራው ሁሉ ማወቃቸውን ያውቅ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ የገባኝ፣ ጋሽ ሸምሱ ለአረፋ መቸኮላቸውን ነው።

ቤታችን ከእሳቸው ቤት ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነበር፤ መሀላችን ያለው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ ሳል እንኳ እንጋራለን። ጠዋት የሱብሂ አዛን እንዳለቀ ስነቃ እማዬ ለብሳ ጨርሳለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ማን ሞተ አልኳት።

"የጋሽ ሸምሱ እህት። እታለም ዘይነባ።"

"አልሞተችም" አልኩ። "ትናንት እኮ..."

እዚያ ላይ አፌን ያዝኩ። እነሱ ይቅደሙ።

"ትናንት ምን?" አለች እማዬ።

"ምንም።"

 ከዚያ ሻሼን አሰረችልኝና እጄን ይዛ ወጣች።

ሰዎቹ ጭቃውን እየረገጡ ገቡ፣ ሀጂ ከማል ከፊት፣ አብደላ ከኋላ፣ ጆሮው ባዶ። ሀጂ ከማል በሩን ሳያንኳኩ ተከፈተ። ጋሽ ሸምሱ ንጹሕ ጀለቢያ ለብሰዋል። ጠረጴዛው ወደ ጥግ ተገፍቶ ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰሌን ተነጥፎበታል፤ ለብዙ ሰው የሚበቃ። ሀጂ ከማል ሰሌኑን አዩ፣ ጋሽ ሸምሱን አዩ፣ ጫማቸውን አወለቁ። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ፣ ስለ መንገዱ ተነጋገሩ። ጋሽ ሸምሱ እየመለሱ ጠበቁ። አላስቸኮሏቸውም።

"ሸምሱ" አሉ ሀጂ ከማል። "ከአገር ቤት ስልክ ነበር።"

"ማን ደወለ?"

"ሰሚራ።"

"ስለ እናቷ ነው?"

"ስለ እናቷ ነው።"

ጋሽ ሸምሱ መቼ ብለው ጠየቁ። ነገሯቸው። እዚያ ላይ አጠገባቸው በነበረው በአብደላ ትከሻ ላይ ወደቁ። ካርቶኑ መሀል አንዲት ጠብታ ያልወጣቸው ሰው እንደዚያ ሲያለቅሱ፣ "እታለም፣ እታለም" ሲሉ ሰምቼ እኔም በጩኸት አለቀስኩ። ግን ግራ ገብቶኝ ነው ያለቀስኩት። አንድን ነገር ከሰሙ በኋላ እንደገና እንደ አዲስ መስማት ይቻላል እንዴ? አብደላ ጥብቅ አድርጎ ይዟቸዋል። እሱም ያለቅሳል። ጠላቴ መሆኑን ረሳሁት።

ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከአጥሩ ውጭ ካለ ሱቅ ሬዲዮ ተከፈተ፤ ያቺው ወፍራም የተረጋጋ ድምፅ፣ ያው ሰላምታ። ውሃ በጆግ ይዤ ነበር። ቆሜ ቀረሁ። ሴትየዋ አለች። እታለም ዘይነባ የለችም። ስለዚህ ሁለቱ አንድ አልነበሩም። ክረምቱን ሙሉ እጄ ውስጥ አልፋ የሄደችው ሌላ ሰው ነበረች። አንድ ሰው ሮጦ ወጥቶ ሬዲዮውን አስዘጋ።

ውሃውን ለጋሽ ሸምሱ አቀበልኳቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰዎቹ እርስ በርስ ያወራሉ። በጆሯቸው ያቺ ሴትዮ እታለም ዘይነባ አይደለችም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሲገባቸው በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።

"ያቺማ አንባቢዋ ናት። እሷ ናት ብለሽ ነው ስትይዢልኝ የከረምሽው?"

"አዎ።"

"ለካ እንዲያ የጠራው ለዚህ ነው።"

ከዚያ የከነከነኝን ጠየቅሁ። ቀድመው ሰምተው ሳለ ለምን እንዳልነገሯቸው፣ ለምንስ እንደ አዲስ እንዳለቀሱ። ጋሽ ሸምሱ ውሃውን ጠጥተው ብርጭቆውን መለሱልኝ።

"ሬዲዮኗ ስሟን አንብባ ዘፈን አስከተለች" አሉኝ። "ሥራዋ ነው፣ አልቀየምባትም። እነዚህ ግን ሊይዙኝ መጡ። ሰምቻለሁ ብላቸው ምን ይዘው ይመለሱ?"

ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ገባኝ ብል ውሸት ነው። ግን አብደላን አየሁት፤ ከድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ለሚመጣው ሁሉ እጅ ያስታጥባል። ሲወድቁ የያዛቸው ሰው አቋቋም ነበረው። ማለት፣ በልቡ አንድ ትልቅ ነገር እንደሠራ የሚያውቅ ሰው።

ሰሚራ የመጣችው በሦስተኛው ቀን ነው። መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦባት፣ ከመኪና መኪና እየቀያየረች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና። እኔ ከድንኳኑ ውጭ ብርጭቆ አጥብ ነበር። ወደ ውስጥ መግባት ፈርታ ቆማለች፤ ቀድማ ያየችው እኔን ነው። ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፣ ማህሌት አልኳት።

"ማሂ? ሽቦ የምትይዢው?"

ደነገጥኩ። ስለ እኔ አገር ቤት ድረስ ይወራ ኖሯል። ሰሚራ ቁጢጥ ብላ ፊቷን ከፊቴ ትይዩ አደረገች። ዓይኗ ካለመተኛት ደም መስሏል። ድንኳኑ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ሰዎች አንዱንም ልትጠይቅ ያልደፈረችውን፣ ከወራቤ ጀምሮ መኪና ውስጥ ይዛው የመጣችውን ነገር ለእኔ አወጣችው።

"ማስታወቂያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለችኝ። "እውነቱን ንገሪኝ። አጎቴ በሬዲዮ ነው የሰማው? ብቻውን?"

እጄ ላይ ሳሙና ነበር። በቀሚሴ ጠረግሁት።

"ብቻቸውን አልነበሩም" አልኳት።

ሰሚራ ዓይኗን ጨፈነች። "አልሐምዱሊላህ" አለች፣ ደግማ ደጋግማ፣ በጣም በዝግታ። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ ካጠብኩበት ውሃ እግሯን ተለቃለቀች፤ ተነሳች፤ እጇን ዘረጋችልኝ። ይዣት ገባሁ።